ስሟ ያልተጻፈ ሴት

ውድ ስርጉት፣
የደብረ ታቦር ብርድ እንደ አገራችን እንደ አንበሳሜ አይደለም፤ ጣት ያደነዝዛል። ዩኒቨርሲቲው የሟቹን ባለቤቴን የይሻውን ጥናት ማንም እንዲያነበው በኢንተርኔት ሊያወጣ ፈልጎ ጠራኝ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ዳኛቸው የፈቃድ ወረቀቱን ሲዘረጋልኝ እጄን ሰበሰብኩ።
«ማን ነው የሚያነበው?»
«የፈለገ ሁሉ፣ እማማ። በነፃ።»
«እናንተስ ምን ታገኛላችሁ?»
«አንባቢ።»
እኛ አገር ጎተራውን ከፍቶ የሚተኛ የለም፤ አላመንኩትም። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አስዞርኩና በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ገብስን ከጤፍ ቀላቅሎ ከነቀዝ ስለማዳን የሚያወራው ገጽ «አንዲት አርሶ አደር ሴት እንደነገረችኝ» ይላል።
ስርጉት፣ ያቺ ሴት እናትሽ ናቸው። ይሻው ስማቸውን ሲተው አውቃለሁ፤ ጽሑፉን በእጄ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ባሌን ላለማስቀየም ዝም አልኩ፤ እሳቸውም ሳያውቁ አረፉ። ሃያ ዓመት ሙሉ ፊትሽን እያየሁ መናገር ስላቃተኝ ነው በካርድ የምነግርሽ።
ዳኛቸው «ጥናቱን መቀየር አይቻልም፤ መግቢያው ላይ ግን ስማቸውን እናሰፍራለን» ይላል። ይላል እንጂ! ሰፍሮ በዓይኔ ሳላይ አልፈርምም። ያውም አንቺ ከፈቀድሽ ነው።
ቦታ ጠበበኝ። ልጅሽን ማሩን ሳሚልኝ፤ ጎረቤቶቹን ሁሉ ሰላም በይልኝ። መልስሽን ይህን ካርድ ላመጣልሽ ሹፌር ስጪው፤ እስከ ዓርብ እዚሁ ነኝ። ከፈቀድሽ የእናትሽን ስም ከነአባታቸው ጻፊልኝ። ዳኛቸው ሲጠይቀኝ እትዬ ማንጠግቦሽ ከማለት በቀር አላወቅኩም።
የሺ