ሚጣ ፊደሏ ሲያምር

እትዬ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ያ ወገብሽ ተሻለው ወይስ አሁንም ከወንበር በተነሳሽ ቁጥር ሰፈሩን ትጠሪያለሽ? ባለቤትሽስ ማንኮራፋቱን ተወ? እኛ ደህና ነን። ደህና መሆናችንን ባለቤቴ በየቀኑ ያረጋግጣል።

ስልክሽ የት ገባ እንዳትይኝ። ስልክ የልጅ ሐሳብ ይበትናል ተብሎ የኔው ስልክ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። የሱ አይበትንም መሰለኝ፣ ኪሱ ውስጥ አለ።

ነገሩ የጀመረው ከወላጆች ስብሰባ ነው። የሚጣ መምህርት፣ ሁለተኛ ክፍል የገባ ልጅ የቤት ሥራ እንዲለምድ ቋሚ ቦታ፣ ቋሚ ሰዓት፣ ዕረፍትና ማበረታቻ ያስፈልገዋል ብላ አስረዳች። የኔ ሰውዬ ቦታውንና ሰዓቱን ይዞ ገባ፤ ዕረፍቱና ማበረታቻው መንገድ ላይ ሳይወድቁበት አልቀሩም።

ቦታው ከግድግዳ ጋር የተፋጠጠ ጠረጴዛ ሆነ። ወፍ ታያለች ተብሎ መጋረጃው ተዘጋ። እሱ ከኋላዋ ይቆማል። ታውቂው የለ፣ ጫማ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ነው፤ ጫማው እግር ቢልጥ ጉዳዩ አይደለም፣ ስፌቱ ቀጥ ይበል እንጂ። የሚጣም ፊደል ከመስመር ከወጣ ገጹ ይቀደድና እንደ አዲስ ይጀመራል። ሽንቴ መጣ ማለትም ከመስመር መውጣት ነው። ስታለቅስ ወረቀቱ እንዳይርስ ፊቷን ዘወር ማድረግ ለምዳለች። መልካም ልማድ ማለት ይኼ አይደል?

ጎረቤቶች ይቀኑብናል። ምን የመሰለች ጨዋ ልጅ ናት፣ ድምጿ እንኳ አይሰማም ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ እኔም ከሰማሁት ቆይቻለሁ። ባለፈው ብቻ አሻንጉሊቷን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ አትተንፍሺ፣ ስትላት ሰማኋት።

ከዚያ ስለ ቤተሰባችሁ ጻፉ የሚል የቤት ሥራ መጣ። ሚጣ፣ አባቴን እፈራለሁ፣ ከሥራ ሲመጣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ብላ ማተሚያ ቤት ያወጣው አስመስላ ጻፈች። እሱ ማስመሪያውን አስጠግቶ ከላይ እስከ ታች ለካና በቀይ እስክሪብቶ፣ በጣም ጥሩ፣ ብሎ ፈረመ። ሚጣ ወጥ ቤት ተከትላኝ ገብታ በጆሮዬ ምን አለችኝ መሰለሽ? እማዬ፣ አባዬ እኮ መስመሩን ነው የሚያየው፣ አያነበውም።

ስለዚህ ይኸውልሽ፣ እኔም ከልጄ ተምሬ ቀጥ አድርጌ እጽፋለሁ። ከዚህ ቤት የሚወጣ ወረቀት ሁሉ በሱ እጅ ያልፋል፣ ፖስታውንም የሚያሽገው እሱ ነው። ይለካ እንግዲህ፣ ዓይኑ እስኪጠግብ።

መምህርቷ ከሚጣ ጽሑፍ ሥር፣ እባክዎ ይምጡና እንነጋገር፣ ብላ ላከችለት። እሱ ደግሞ የሴትዮዋ ጽሑፍ ጠማማ ነው፣ ልጄን ታበላሽብኛለች አለ። ከሰኞ ጀምሮ ሚጣ ትምህርት ቤት አትሄድም። ፈረቃውን ወደ ሌሊት አዙሮ ቀን ቀን ራሱ ያስተምራታል። እሑድ በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ የሚገጥም ሠራተኛም አነጋግሯል።

ቅዳሜ ጠዋት ፋብሪካ ስብሰባ አለው። እትዬ፣ እሱ እንደ ወጣ ድረሺልኝ። ሚጣን ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ታገኛታለሽ። አልጋ አታንጥፊላት፣ እቅፍሽ ውስጥ ትተኛለች፤ ጠረጴዛ ግን ለጊዜው እንዳታሳያት። እኔ እቀራለሁ። ሲመለስ የሚያርመው ሰው ማጣት የለበትም።

እግርሽን ያፍጥንልኝ። ልጅ የሚጮህበት ቤት ያድርግልሽ።

ታናሽሽ

ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ፦

ንጽሕና፦ በጣም ጥሩ። መስመር፦ ቀጥ ያለ። የቅዳሜው ስብሰባ ተሰርዟል። ይምጡ፣ ሦስታችንም እንጠብቅዎታለን።