ከእጀታው ላይ ያወረድሁት ነጠላ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለተክሌ፤

ከሰላምታዬ በፊት ለማንም፣ ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልነገርሁትን ላስቀድም። ባለቤቴን ተፈራን ለሞት ያበቃው ካሳሁን አይደለም፤ እኔ ነኝ። ይህችን መስመር ለመጻፍ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ለመሆኑ እንዴት ሰነበትህ? ጤናህስ እንዴት ነው? የድሬዳዋ ሙቀት አልከበደህም? ባለቤትህ መሠረትስ ወገቧን ተሻላት? ልጆቹ ከሳሉ ዳኑ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ሸዋ ሮቢት እንደምታውቃት ናት፤ ቀን ታቃጥላለች፣ ማታ በወባ ታስፈራራለች። ዘንድሮ ማሽላው አምሮ ነበር፤ ወፍ ጨረሰው። የጥጥ መዳመጫው አሁንም ይሠራል፤ ድምፁ ከቤቴ ድረስ ይሰማል። እኔን የሚያስደነግጠኝ ሲጮህ አይደለም፤ ድንገት ዝም ሲል ነው።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። በፋብሪካው የኤሌክትሪክ ክፍል አለቃ መሆንህን፣ ብሬከር የምትሏቸው ትልልቅ ማጥፊያዎች ሁሉ በእጅህ መግባታቸውን አንብቤ እልል ልል ስል ገጹን ገለበጥሁት። ካሳሁን ሥራ ሊለምን ፋብሪካው በር ድረስ መምጣቱን፣ አንተም በዘበኞቹ ፊት "የእህቴን ቤት አፍርሰህ ደግሞ የማንን ልታፈርስ መጣህ?" ብለህ ማባረርህን ጽፈህልኛል። "እንግዲህ ደስ ይበልሽ" ትላለህ።

ሙያውን የቀሰምኸው ከተፈራ ነውና ልማዱን ታውቀዋለህ። ሞተር ከመክፈቱ በፊት የብሬከሩን እጀታ ወደ ታች ያወርድና ነጠላውን እዚያው እጀታው ላይ ይሰቅል ነበር። ነጠላው ካለ ሰው ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ካላነሣው በቀር ማንም እጀታውን አይነካም። ለመዳመጫው ሠራተኞች ይህ እንደ ሕግ ነበር። ለእኔም አንድ ቀን እቤት ሲያስረዳኝ "ሚስማር አጥታችሁ ነው እንጂ ነጠላ ብረት ላይ ይሰቀላል?" ብዬ ሳቅሁበት። "ሳቂ፤ አንቺስ ገበያ ስትወርጂ በሩን በግንድ ትደግፊው የለም? የእኔም ግንድ ይኸው ነው" አለኝ። ስለዚህ አላወቅሁም ነበር ብዬ ማምለጥ አልችልም።

ኅዳር 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ነበር፤ ማግስቱ ሚካኤል። ምሳውን ይዤ ስሄድ ሠራተኞቹ ውጭ ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይበላሉ። የጄኔሬተሩ ጩኸት ስለማያሰማ ገብቼ ጠጋ አልሁና ጠራሁት። ከሞተሩ ጀርባ ሆኖ "አስቀምጪው፣ ይህችን ሽቦ ላጥብቅና እመጣለሁ" አለኝ። ስወጣ ነጠላውን አየሁት፤ የጥጥ ብናኝና የሞተር ቅባት ጠጥቶ ጠቁሯል። ያለችው እሷው ብቻ ናት። ነገ ቤተ ክርስቲያን በዚህች ሊሄድ ነው? ሰው እኔን ምን ይለኛል? ወንዝ ወርጄ ባጥባት እስከ ማታ ትደርቃለች ብዬ ከእጀታው ላይ አወረድኋትና በክንዴ ሥር ይዣት ሄድሁ። ሳልነግረው።

የሥራ ጓደኛው ካሳሁን ከምሳ ተነሥቶ ሲገባ እጀታው ባዶ ነው። ጨርሷል ብሎ አሰበ። አንድ ጊዜ እንደ ተጣራ ተናግሯል፤ እውነቱን ነው። ከዚያ እጀታውን ወደ ላይ ገፋው። ጩኸቱ ሲደርሰኝ ነጠላዋ ከነሳሙናዋ በእጄ ነበረች።

ፖሊሱ ቃሌን ሲቀበል ተፈራ ነጠላውን ሰቅሎ እንደ ነበር ባይኔ አይቻለሁ አልሁት። ይህ እውነት ነበር፤ የቀረውን ዋጥሁት። ካሳሁን "ምንም አልነበረም" ብሎ ቢምል ቢገዘት ማን ይስማው? ሰዉ "ራሱ አውርዶ ብናኙ ውስጥ ጥሎታል" አለ። እርጥቧ ነጠላ ግን ከጎተራዬ ጀርባ ተጠቅልላ ነበር። ሁለት ዓመት ታሰረ። ከወጣም ወዲህ ከዚህ እስከ አጣዬ የሚቀጥረው ጠፋ።

እናቱን እማማ አስካለን ታውቃት የለም? በየዓመቱ ለተፈራ መታሰቢያ አንድ ቁና ጤፍ ተሸክማ ትመጣና "ልጄን ይቅር በይልኝ" ትለኛለች። እኔም "እግዜር ይቅር ይበለው" እላታለሁ። ጤፉንም እቀበላታለሁ፤ ስድስት ጊዜ ተቀብያታለሁ።

ፊደል የቆጠርሁት ዳዊት ለመድገም ነው እያልሁ ለሰው አወራለሁ። ውሸት ነው። ያን ጊዜ አውራ ጣቴን ቀለም ነክረው ሲያስፈርሙኝ ወረቀቱ ላይ ምን እንደ ሰፈረ አላየሁም፤ ማንበብ የተመኘሁት ለዚያ ነው።

አንተም እንደ ተፈራ ባርኔጣህን እጀታው ላይ እንደምትሰቅል ጽፈሃል። ተው ወንድሜ። ልብስ ያምራል፣ ይቆሽሻል፣ ሰው ያነሣዋል። "አትንኩ" የሚል ጽሑፍ ብትለጥፍም እንደ እኔ ያለች ማንበብ የማትችል ታልፈዋለች። እጀታው ሲወርድ በቁልፍ ይቆለፍ፤ ሦስት ሰው ከገባ ሦስት ቁልፍ ይንጠልጠልበት፤ መክፈቻው ከየሰዉ ኪስ አይውጣ። ከዚያም በኋላ ተፈራ እንዳስተማረህ በመፈተሻ አምፖል ሳትፈትሽ ሽቦ አትንካ። ማጥፊያው በራሱ ጊዜ ከወደቀም የጣለውን ሳታውቅ አታንሣው፤ እንዳይወድቅ በሽቦ የሚያስሩትን ደግሞ ከሥራ አስወጣቸው። ብናኙን ከማጥፊያው ሳጥን ውስጥ ቶሎ ቶሎ አስጠርግ፤ ጥጥ እሳት ይጠራል። ይህን ሁሉ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ግን ተፈራም ያውቅ ነበር።

ነገ ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ የዋጥሁትን ቃል እሰጣለሁ። ከዚያ በፊት ግን እማማ አስካለ ደጅ እቆማለሁ። ሮቢት ፊቷን ታዙርብኛለች፤ ታዙር። አንተም ብትቆጣኝ አልፈርድብህም። ብቻ ቁጣህ ባለቤቱን ይወቅ።

መሠረትን ስመህ ሰላም በልልኝ፤ ወገቧን ታሙቀው። ብርሃኔ ትምህርቱን እንዳይተው ንገርልኝ፤ ትንሿን ወይንሸትን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። ጎረቤቶችህንም ሳላውቃቸው እንዴት ናችሁ ብያለሁ።

ይህን ወረቀት በፖስታ አልልክልህም። ጥጥ ጭኖ ወደ ድሬዳዋ ለሚሄደው ሾፌር ሳላሽገው እሰጠዋለሁ፤ ካሳሁን እዚያ የሚያድርበትንም ቤት፣ ከእናቱ እንደ ሰማሁት፣ እነግረዋለሁ። መጀመሪያ የሚያነበው እሱ ነው። ላንተ ማምጣት አለማምጣቱን ለራሱ ትቼለታለሁ፤ እንግዲህ ይህ እጅህ ከገባ የሰጠህ ካሳሁን ነው።

እህትህ አልማዝ
ሸዋ ሮቢት፣ የካቲት 14 ቀን 1963 ዓ.ም.