ያለ ፈቃድ በጨለማ ስለተመታው ድራም

ሐምሌ 9 ቀን 2001 ዓ.ም.
መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ

ለተከበሩ አቶ አገኘሁ ወልደ ሚካኤል
የሰፈራችን ወጣቶች ማዕከል የኪነ ጥበብ ምዘና ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ፤ ጤናዎ እንዴት ነው፣ በተለይ ደግሞ ጆሮዎ እንዴት ነው? ሰኔ 20 ቀን ከሰዓት በኋላ እርስዎ በአዳራሹ የፊት ወንበር ተቀምጠው የሰሙትን እኔም ከኋላ ቆሜ ሰምቼ፣ በሦስተኛው ቀን የፈረሙበትን ውሳኔ ሳነብ፣ ሁለታችን በአንድ አዳራሽ ውስጥ መዋላችን አጠራጥሮኝ ስለ ጤናዎ ሳስብ ሰንብቻለሁ። አላህ ለእርስዎም፣ ለቤተሰብዎም፣ ለአራቱ የኮሚቴ አባላትም ሙሉ ጤና ይስጥልኝ። ክረምቱም ጉንፋን ሳያስይዛችሁ በሰላም ይውጣ።

እኔ ሰላሁዲን እድሪስ እባላለሁ። ከአሮጌ በርሜል ምድጃና መጥበሻ፣ ከመኪና ባሌስትራ መጥረቢያና ቢላዋ እየሠራሁ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ብረት የቀጠቀጥኩ ሰው ነኝ። በዚህ ላይ የኢክራ አባት ነኝ፤ ይህንንም ከወዲሁ የምናገረው፣ በኋላ «አባቷ ስለሆነ ነው» ለማለት እንዳይደክሙ ነው።

ሥራ ስለሚበዛብዎ ጉዳዩን ላስታውስዎ። ልጄ ኢክራ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት፣ በማዕከሉ «ዝገት» በተባለው የሮክ ባንድ ውስጥ ሦስት ዓመት ድራም ስትመታ ቆይታለች። ባንዱ በነሐሴ ወር ሐዋሳ ለሚደረገው የወጣቶች ፌስቲቫል ሲመረጥ፣ ኮሚቴው «በድራም በኩል ያለውን ክፍተት ለመሙላት» በሚል፣ ኢክራንና አሚር የተባለውን ወጣት ከዚያው ባንድ ጋር ሁለት ሁለት ዘፈን አስመትቶ መዘነ። አሚር ከመቶ 91 አገኘ፤ ኢክራ 38። ለልጄ በማኅተም የተሰጣት ደብዳቤ «የድራም መቺነት ብቃት የሌላት መሆኑ ስለተረጋገጠ ከባንዱ ተሰናብታለች» ይላል። ቅሬታ ካላት በአሥራ አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ እንድታቀርብ ስለተፈቀደላት በእጅጉ እናመሰግናለን። እሷ አልጽፍም ስላለች እኔ ጻፍኩ። ቢሮዎ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ስለተነገረኝ ደግሞ፣ ስብሰባዎን ላለማቋረጥ ስል በግልጽ ጽፌ በየሱቁ በር ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ።

አሚር የአንድም ኮሚቴ አባል ዘመድ አለመሆኑን አጣርቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ዘመድ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ዘመድ መጥቀም የሚገባኝ ነገር ነው። እናንተ ግን በቅንነት፣ በሙሉ ድምፅ፣ መመዘኛ አውጥታችሁ፣ ነጥብ ደልድላችሁ፣ ቃለ ጉባኤ ይዛችሁ ነው የተሳሳታችሁት። ለዚህ ግልጽነት ያለኝን አክብሮት እየገለጽኩ ወደ መመዘኛው እገባለሁ።

አንደኛ፤ ለ«ድምፅ ጉልበት» የተሰጠው ሠላሳ ነጥብ። አሚር ሠላሳውን ጠቅልሎ ወስዷል፤ ይገባዋል፤ አንዱን ድራም እስኪቀደድ መትቶታልና። የተቀደደው ማዕከሉ ዘንድሮ የገዛው አዲሱ ድራም ስለሆነ፣ ንብረት ማውደም ነጥብ የሚያስገኝበት አሠራር መዘርጋቱን ለተራችን ሰዎች ሳበስር ሁሉም ተደስተዋል። ኢክራ ግን ዘፋኙ ሲዘፍን ዝቅ፣ ጊታሩ ብቻውን ሲሆን ደግሞ ከዚያም ዝቅ ስላለች 14 ተሰጣት። ክቡር ሆይ፣ እኛ ዘንድ የጋለ ብረት በሦስት ሰው ሲቀጠቀጥ፣ ሁለቱ ትልልቁን መዶሻ ይይዛሉ፤ ሦስተኛው ትንሽ መዶሻ ይዞ የት እንደሚመታና መቼ እንደሚመታ በቀስታ ኳ እያደረገ ያሳያቸዋል። ከጎዳና የሚሰማው የትልልቆቹ ድምፅ ነው። መሪው ግን ባለ ትንሿ ነው፤ እሱ ከተሳሳተ መጥረቢያውም ይጣመማል፣ የሰው እጅም ይቀጠቀጣል። ልጄ ከአሥራ አምስት ዓመቷ ጀምሮ በሱቄ ትንሿን መዶሻ ትይዛለች። ትልቁን የሚያነሳ ጉልበተኛ በየቀኑ አገኛለሁ፤ ትንሿን አምኜ የምሰጠው ሰው እስካሁን ከእሷ ሌላ አላገኘሁም።

በነገራችን ላይ ምዘና እንደሚደረግ መታወጁ ተራችንን በሙሉ የሮክ ሊቅ አድርጎታልና ምስጋና ይድረሳችሁ። ጎረቤቴ ሐምዱ፣ በርሜል ነጋዴው፣ ታላቅ ድራም መቺ ማለት እዚህ መትቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ድረስ የሚሰማ ነው ብሎ ሲሟገት ሰነበተ። እትዬ ሰዓደት፣ አንዋር መስጊድ አጠገብ ቅመም የሚሸጡት፣ በበኩላቸው ታላቁ ማለት አንተ ወሬ እያወራህ እግርህን ያለ ፈቃድህ የሚያስነቀንቅህ ነው፣ ሐምዱ የሚለው ድራም መቺ ሳይሆን የጭነት መኪና ጡሩምባ ነው ብለው አፉን አስያዙት። ሁለቱም ስለ ሮክ ከአንድ ወር በፊት ምንም የማያውቁ ሰዎች ናቸው። እንዲያም ሆኖ ከኮሚቴው መመዘኛ የተሻለ ነገር ተናግረዋል።

ሁለተኛ፤ ለ«ፍጥነት» ሌላ ሠላሳ ነጥብ። አሚር ሁለተኛውን ዘፈን ከባንዱ ቀድሞ ጨርሶታል፤ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እሱ ቆሞ እጅ ሲነሳ ጊታሮቹ ገና አዝማቹ ላይ ነበሩ። ሃያ ዘጠኝ ተሰጠው። አንዷ ነጥብ ለምን እንደተቀነሰች ቃለ ጉባኤው ስለማይገልጽ፣ ትናንት ሊጨርስ ሲችል ዛሬ በመጨረሱ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ስለ ፍጥነት የምናገርበት ምክንያት አለኝ። በ1986 ዓ.ም. አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ጎበዝ፣ ሰው ሲያየው ጊዜ ጉልበቱን ለማሳየት ከምቱ ፈጠን አለና የግራ እጄን ሌባ ጣት ብረት የምንቀጠቅጥበት ሐዲድ ላይ አስቀረው። ስለዚህ እኔ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ሰው ዘጠኝ ጣት አለኝ። ለዚያ ጎበዝ ያን ጊዜ ሃያ ዘጠኝ ነጥብ መስጠት እንዳለብኝ አላወቅኩም ነበር፤ የአቅም ግንባታ ሥልጠና ስላልወሰድኩ ይቅርታ ይደረግልኝ።

ሦስተኛ፤ «አለባበስና የፀጉር አያያዝ»፣ አሥር ነጥብ። «ተወዳዳሪዋ ፀጉሯን በሻርፕ በመሸፈኗ መመዘን ስላልተቻለ ግማሽ ተሰጥቷታል» ላላችሁት፣ ግማሿን ስላልነፈጋችኋት እናመሰግናለን።

አራተኛ፤ «የመድረክ እንቅስቃሴ፣ የድራም ዱላ መወርወርና መቅለብን ጨምሮ»፣ ሃያ ነጥብ። አሚር ሁለት ጊዜ ወርውሯል። የመጀመሪያውን ራሱ ቀልቧል። ሁለተኛውን የቀለቡት የኮሚቴው ጸሐፊ ወይዘሮ አበራሽ ናቸው፤ ያውም በግንባራቸው። አሥራ ሰባት ነጥብ ግን ለአሚር ብቻ ተመዘገበ። እብጠታቸው እንደጎደለ ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ነጥባቸው ቢሰጣቸው ደግሞ ደስታዬ ሙሉ ይሆን ነበር። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ በመንዙማ ሐድራ ድቤ የሚመታውን ሰው እያየሁ ነው ያደግኩት። ማየት ከተባለ ነው እንጂ፤ ጥግ ይዞ፣ አቀርቅሮ ነው የሚቀመጠው። ሰዉ ሁሉ ስንዝር ሳይዛነፍ አብሮት ሲወዛወዝ ያመሻል፣ ማን እንደመታ ግን የሚጠይቅ የለም። ዱላ የሚወረውር አንድም አላየሁም።

አምስተኛ፤ አሁን ወደ ዋናው መጣሁ። ኢክራ ሁለተኛውን ዘፈን አጋምሳ ሳለች መብራት ጠፋ። የመብራት መጥፊያ ፈረቃችን እንዳልነበረ ያውቃሉ። አዳራሹ የድሮ መጋዘን ስለሆነ መስኮት የለውም፤ ድቅድቅ ሆነ። ሁለቱም ጊታሮች ዝም አሉ፣ የዘፋኙ የጠይብ ማይክሮፎን ዝም አለ፤ ሰዉ ሞባይሉን እያበራ ወደ በሩ መነሳት ጀመረ። ኢክራ አላቆመችም። ድምፁን ዝቅ፣ ዝቅ አደረገችና በእግሯ የምትመታውን ትልቁን ድራምና የአንዱን ትንሽ ድራም ጠርዝ ብቻ አስቀረች። የተነሳው ሰው ቆመ፤ ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ። ጠይብ ያለ ማይክሮፎን በባዶ ጉሮሮው ቀጠለ፤ ሰዉም በጭብጨባ ተቀበለው። ሐምዱ ስድስት ደቂቃ ነው ይላል፤ እኔ አራት ነው እላለሁ። መብራቱ ሲመጣ ሁለቱ ጊታሮች በአንድ ምት ላይ፣ ከትክክለኛው ቦታ ገቡ። እንዴት እንደሆነ በኋላ ጠይብን ጠየቅኩት። ጊታረኞቹ በጨለማው ውስጥ ድምፅ የሌለውን ክር እየነኩ፣ እሷን እየሰሙ ነበር የጠበቁት።

ቃለ ጉባኤያችሁ ስለዚህ የሚለውን ቃል በቃል ልድገመው፦ «ተወዳዳሪዋ መብራት በጠፋበት ሁኔታ ከመድረክ አስተባባሪው ፈቃድ ሳታገኝ መምታቷን በመቀጠሏ ከሥነ ሥርዓት አሥር ነጥብ ዜሮ።» እንዲሁም «በጨለማው ምክንያት እንቅስቃሴዋ ሊታይ ስላልቻለ» ከሃያው አራት። አሚር ለሥነ ሥርዓት አሥሩን ሙሉ አግኝቷል፤ እሱ ሲመታ መብራት ስላልጠፋ ከሕግ ውጪ የሚሆንበት አጋጣሚ አልነበረውም።

ሐምዱ ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ጩኸት መከራከር ትቷል። እኔም ስለ ሮክ የገባኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ታላቁ ድራም መቺ፣ ሌላው ሁሉ ሲጠፋበት የሚመለስበትን ቦታ የሚጠብቅለት ሰው ነው። ሲበራማ ማንም ይመታል። ይህ ከመቶ ስንት ነጥብ እንደሚይዝ ኮሚቴው በሚቀጥለው ግምገማው ቢወስንልን ውለታ ነው።

ስድስተኛ የለኝም። ስድስተኛ ላይ ልጽፍ ያሰብኩት ቀልድ ነበር፤ ግን ቀልዱ አልመጣልኝም። አዝኛለሁ፣ ክቡር ሆይ። ልጄ የድራም ዱላዎቿን በጋዜጣ ጠቅልላ አልጋዋ ሥር ከተተቻቸው። ድሮ ምሳ ስንበላ ጣቷ ሳህኑን ሲነካ እንኳ ምት ነበረው፣ እናቷም እኔም እንቆጣት ነበር። አሁን ዝም ብላ ትበላለች። ብቃት እንደሌላት በማኅተም ስለተነገራት አምናለች መሰለኝ፤ ከእኔ ቃል ይልቅ የእናንተን ማኅተም አመነች።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። የፌስቲቫሉ መኪና ነሐሴ 6 ከመነሳቱ በፊት ሁለቱን ልጆች እንደገና መዝኑልኝ፤ መብራቱን ግን ራሳችሁ አጥፉት። ነጥብ መጻፊያ ብርሃን አይኖርም፤ ይህም ለሥራው የሚበጅ ይመስለኛል።

ውድ ጊዜዎን ለዚህ ተራ ብረት ቀጥቃጭ ሰጥተው እስከዚህ ካነበቡ፣ ወይም በሁለት ስብሰባዎች መካከል ሌላ ሰው ካነበበልዎ፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዕድሜዎ ይርዘም፣ ሥልጣንዎ ይስፋ፣ መመዘኛዎ ይጥራ።

ከታላቅ አክብሮትና ከዘጠኝ ጣቶች ጋር፣
ሰላሁዲን እድሪስ

ግልባጭ፦
ለማዕከሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ
ለምን አለሽ ተራ ነጋዴዎች በሙሉ
ለመብራቱ፣ በመጣ ጊዜ

ማስታወሻ፣ ሐምሌ 14 ቀን፦ ይህ ደብዳቤ ሳይለጠፍ የዘገየው ዓርብ ዕለት አሚር ሱቄ ድረስ ስለመጣ ነው። ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ በልምምድ ላይ ባንዱ በእሱ ምት ሁለት ጊዜ ተበትኖ መቆሙን፣ ቤዝ ጊታር መቺው ዘፈኑ የት ላይ እንደደረሰ እንደሚጠፋበት ሳይደብቅ ተናገረና ኢክራ እንድታስተምረው ለመናት። እኔ ላባርረው ተነስቼ ነበር። እሷ የምትበይደውን ማንቆርቆሪያ አስቀመጠች፣ ከዚያ ቤት ሄዳ ዱላዎቹን ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በተገለበጠ በርሜል ላይ አስቀምጣ፣ በአንድ ዱላ፣ በቀስታ ታስመታዋለች። ልጁ እየተማረ ነው፤ ይህንን መመስከር አለብኝ። ይህንን ደብዳቤም «አሁን ድራም መቺ ይቀየር ከተባለ ባንዱ ይበተናል» ብላ እንዳልለጥፍ ለምናኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። አሚር በሐዋሳ ባንዱን ሳይበትን ከጨረሰ፣ ምርጫችን ትክክል ነበር ብላችሁ ሪፖርት እንደምትጽፉ አውቃለሁ፤ ጻፉ። ልጄ ይህንን እያወቀች ነው የምታስተምረው፤ እኔ ግን እንደ እሷ ትልቅ ሰው ስላልሆንኩ፣ በዚያን ቀን የምታጨበጭቡት ለማን እንደሆነ ከወዲሁ በጽሑፍ አሳውቄያችኋለሁ።