ከታች የምትጨምረው ፊደል

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንዴት ከርመሃል? ሥራው፣ ቤትህ፣ ልጆችህስ እንዴት ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። ሰፈራችን ዘንዘልማ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ፎቅ ጀምሮ ከበራችን ሐይቁን ማየት ቀርቷል። አባባ ግን መቋሚያቸውን ተደግፈው በነፋሱ ብቻ «ጣና ዛሬ ተነሥቷል» ይላሉ።

የላክህልኝ ላፕቶፕ ደርሶኛል። «የአባባን ቅኔ በፋይል አስቀምጪልኝ» ያልኸኝን ፓይተን በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ ልሞክረው አልሁ። አትሳቅብኝ፤ ፎቶኮፒ ቤት ስጠርዝ የሚበላሸውን የተማሪዎች ጽሑፍ እየለቃቀምሁ የተማርሁት ነው። አንዱ ገጽ ስለ ፋይል መክፈት ነበር፤ ለመጻፍ ከፋይሉ ስም ቀጥሎ «ደብልዩ» የምትባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል አስገቡ ይላል። ቀጣዩን መስመር ወረቀት መቁረጫው በልቶታል።

አባባ ጠዋት ጠዋት አንዳንድ ባለ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይነግሩኛል፤ እኔ ቃል በቃል እየጠየቅሁ፣ ቁልፉን እየፈለግሁ እጽፋለሁ። «ፊደል ፍለጋሽ ከድጓ ትምህርት ረዘመ» እያሉ ይቀልዱብኛል። ሳምንቱ ሲያልቅ ልልክልህ ብከፍተው የመጨረሻዋ ብቻ አለች። ለካ በደብልዩ የተከፈተ ፋይል የነበረበትን ሁሉ አጥፍቶ ከባዶ ነው የሚጀምረው። አለቀስሁ። አባባ ግን ሳቁ። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ የሚያቀርብ ተማሪ ቅኔ ባስተማሩበት ጉባኤ ምን ይባል እንደነበር ጠየቁኝ። «ሌባ» አልኋቸው። «እንግዲያ ማሽንሽ ደንበኛ የቅኔ ተማሪ ነው፤ ለነገ ሌላ አለ» አሉኝ።

ከሌላ ቅዳጅ ላይ «ኤ» የምትባለውን አገኘሁ፤ የነበረውን ሳትነካ ከታች ትጨምራለች። በእሷ ከፈትሁ። በማግስቱ ስለ ጴጥሮስ የሆነች ነገሩኝ። ግእዙ ቢረቅቅብኝ ምሥጢሩን ፈቱልኝ፦ ጴጥሮስ ሁሉን ትቶ ወደ ዓሣ ማጥመዱ ሄደ፤ ጌታ ግን አልተቆጣውም፤ ባሕሩ ዳር እሳት አንድዶ፣ ዓሣ ጠብሶ ጠበቀው። ስለ ማን እንደሆነች አልጠየቅኋቸውም። አንተ ጉባኤውን ትተህ ኮምፒውተር ልትማር ከሄድህ ወዲህ ስምህን ሲያነሡ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር።

በነጋታውም ያችኑ ነገሩኝ። ለጠፉት ማልቀሴን አይተው፣ ይህችም እንዳትጠፋ የደገሙልኝ መስሎኝ እንደገና ጻፍኋት። በሦስተኛው ቀን «ዛሬ የመጣችልኝ ናት» ብለው እንደገና ያችኑ ጀመሩ። ትናንትም ነግረውኛል ልላቸው ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁት። እንደ ልጅ ደስ ብሏቸዋል። «ይበል!» አልሁ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቅኔ አልመጣላቸውም።

አሁን ፋይሉ ውስጥ ጴጥሮስ ከጴጥሮስ ሥር ተደርድሯል። አንዷን አስቀርቼ ሌላውን መደምሰስ እችል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እሳቸው አዲስ ብለው የሰጡኝን እኔ እንዴት አሮጌ ልበለው? በደብልዩ ያጠፋኋቸው ግን ይቆጩኛል። እነሱ በእርግጥም የየቀናቸው ነበሩ።

ወንድሜ፣ ፋይሉን አልላክሁልህም። ከአፋቸው እንድትሰማት ብዬ ነው። ሲነግሩህ፣ እህቴ ጽፋልኛለች እንዳትላቸው።

ትናንት የውኃ ቆጣሪ አንባቢው ሲገባ በአንተ ስም ጠርተው ከጎናቸው አስቀመጡት። «መንገዱ እንዴት ነበር? ምነው ከሳህ?» አሉት። ሰውየው ጨዋ ነው፤ «ደኅና ነኝ አባቴ» ብሎ እጃቸውን ይዞ ቆየላቸው። ሲወጣ ግን ዓይኑን እየጠረገ፣ ከእንግዲህ ሌላ ሰፈር እንደተመደበ ነገረኝ።

ክረምቱ ሳይገባ ና። የጣናን አድባራት የሚጠብቅ አምላክ በደኅና ያግባህ።

እህትህ