እስከ ሦስተኛው እሑድ

ሆሳዕና ከተማ

ለቀድሞው እጮኛዬ፤

እንደምን ሰነበትክ? የእናትህ ወገብ ተሻላቸው? እሳቸው ምንም አልበደሉኝምና ሰላምታዬን ሳታጓድል አድርስልኝ። እኔ ደህና ነኝ። እናቴም ደህና ናት፤ ያንተን ስም ማንሳት ብቻ ትታለች።

ባለፈው እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን በሴቶቹ በኩል አራተኛው አግዳሚ ላይ ነበርኩ። አላየኸኝም፤ አንገትህን ደፍተህ ነበር። ሴቶቹ ትሕትና መስሏቸው ወደዱህ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አቶ ዕንባቆም፣ የወደፊት አማትህ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ፣ በሦስት አካል በአንድ መለኮት ታምናለህ ወይ ሲሉህ፣ ጥያቄው ሳያልቅ አምናለሁ አልክ። ከዚያ ያንተና የልጃቸው የሐዳሳ ስም ለጋብቻ ተነበበ። ተቃውሞ ያለው እስከ ሦስተኛው እሑድ ለሽማግሌዎች በጽሑፍ ያቅርብ ተባለ። እልልታው ቀለጠ። እኔም አጨበጨብኩ፤ አጠገቤ ያለችው ስላጨበጨበች።

ዓመት እንኳ አልሞላም እኮ። ከሺንሺቾ ከተማ አራት ገጽ ደብዳቤ የጻፍክልኝ አንተው ነህ። ሥላሴ የሚል ቃል ከዘፍጥረት እስከ ራእይ የለም፣ የሰው ፈጠራ ነው፣ ሐዋርያት ያጠመቁት በኢየሱስ ስም ብቻ ነው አልክ። ሽማግሌ ልከህ ቀለበት ካሰርክልኝ በኋላ፣ እንደገና ካልተጠመቀች ሴት ጋር አንድ ጎጆ አልገባም አልክ። እኔ ሞኟ መጽሐፌን ይዤ ሦስት ወር ተከራከርኩህ። ማቴዎስ ሃያ ስምንትን ሳነሳ የሐዋርያት ሥራ ሁለትን ትመዛለህ። ወልድ ዮርዳኖስ ውስጥ ቆሞ ሳለ ከሰማይ የተናገረው ማን ነበር ስልህ፣ ሴት ነገር ታበዛለች አልከኝ። መጽሐፍ ቅዱስ የሚለው ስምስ ራሱ የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው ብልህ ተመልሰህ ወደ ሐዋርያት ሥራ ሁለት ሮጥክ።

ለሦስትነት ዕድሜውን ሙሉ የሚሟገት ሰው አውቃለሁ። ለአንድነት ብሎ ከአባቱ ቤት የተባረረም አውቃለሁ። ሁለቱንም አከብራለሁ። አንተን ከየትኛው ልመድብህ? ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል የሚባለውን ከአንተ በላይ የተማረው የለም።

የመጨረሻው መልእክትህ በስልክ የገባው ከሦስቱ ወር ክርክር በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ጌታ ያልፈቀደውን አንግፋ፣ እንለያይ ይላል። እኔ አንተ ያልከውን ፈጽሜ ከወንዝ ተመልሼ እርጥብ ልብሴን እናቴ እንዳታየው ከእንሰቱ ጀርባ አስጥቼ፣ ልደውልልህ ስልኬን ማውጣቴ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የጌታ እራት ሲዞር ሳህኑን ሳልነካ አሳልፋለሁ። እናቴ ጨጓራዬን የሚያመኝ ይመስላታል።

አራቱ ገጽ እጄ ላይ ነው፤ በራስህ እጅ ጽሑፍ፣ በፊርማህ። ረቡዕ ዕለት በፖስታ አሽጌው እስከ ሽማግሌዎቹ ቢሮ በር ደርሼ ነበር። ግን እሱን ካነበቡ አንቺስ ምን መለስሽለት ማለታቸው አይቀርም። ጥቅሶቼን አንድ በአንድ መቁጠር አያቅተኝም። መጨረሻ ላይ ያደረግሁት ግን ከጥቅስ የመጣ አልነበረም። እወደው ስለነበር ነው ብዬ በአቶ ዕንባቆም ፊት መቆም አልቻልኩም። እና ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼልሃለሁ። አቃጥለው።

ሐዳሳ ጥሩ ልጅ ናት፤ አትዋሽባት። ጎጆአችሁ ይሙቅ፣ ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። ምርቃቱን በማን ስም እንደምዘጋው ግን እኔም አላውቅም። ቦታውን ክፍት ትቼልሃለሁ፤ ሰሞኑን የምታምነውን ሙላበት።

በ………… ስም፣

እጮኛህ የነበረችው