ብረትና ድኝ

ሰኞ፣ የካቲት 4። ከቀኑ 9 ሰዓት

ጣቴ አሁንም ድኝ ድኝ ይላል። ሁለቴ በሳሙና ታጠብኩ፤ አልለቀቀኝም። ደብተሬ፣ ታገሠኝ።

ጠዋት መደበር፣ የቀጥቃጮቹ ገበያ ሄጄ ከአንዱ በሞረድ የተፋቀ የብረት ብናኝ ለመንኩ። በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ከዚያ 8ኛ ክፍል። ትምህርቱ፦ ድብልቅና ውሁድ። ብናኙን ከድኝ ጋር ቀላቀልኩ፣ ማግኔት አስጠጋሁ። ብረቱ ተነሣ፤ ቢጫው ድኝ ወረቀቱ ላይ ቀረ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ቀጥዬ በእሳት አጋልኩት። ጠቆረ። ማግኔቱ ምንም አላነሣ። አሁን ብረትም ድኝም አይደለም፣ ሌላ ነገር ሆኗል አልኳቸው።

ምሕረት እጇን አወጣች። “መምህርት፣ በገዛ ራሳቸው አይዋሐዱም እንዴ? የግድ እሳት ያስፈልጋል?”

ዝም አልኩ። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ “ተዋሐድን” ከተባለ ወዲህ ይህ ቃል በዚህ ከተማ እንደ ሌላው ቃል አይነገርም። ከኋላ ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣው ተቆጣጣሪ ተቀምጧል። በዝምታዬ መካከል አንዱ ሳቀ፤ ክፍሉ በሙሉ ተከተለው። “አዎ፣ እሳት ያስፈልጋል” አልኩ። እውነቱ ነው። ተቆጣጣሪው ጻፈ።

ማክሰኞ፣ የካ. 5

ዳይሬክተሩ አስጠሩኝ። ጎንደሬ ናቸው፣ ደግ ሰው። ዛሬ ግን ዓይኔን አያዩም። ተቆጣጣሪው የልጅቷን ስም ይፈልጋል፤ ከኋላ ሆኖ ፊቷን አላየም። ማን እንዳስጠናትም ይፈልጋል። እስከ ዓርብ፣ በጽሑፍ።

“የወረቀት ጉዳይ ነው፣ ወ/ሮ ትርሓስ” አሉኝ።

ረቡዕ፣ የካ. 6። 11 ሰዓት

ባሌ ተኽለ ጻፊ አለኝ። ልጅ ናት፣ ገሥጸው ይለቋታል። አንቺ ብትባረሪ ግን እኔንም ከመሥሪያ ቤቴ ያስወጡኛል አለ። ጎረቤት እስኪሰማ ተጨቃጨቅን። በሩን ዘግቶ ወጣ።

ደብተሬ፣ አንተን አልዋሽም። ጻፍኩት። ስሟን ከነአባቷ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ። አንድ ሰዓት ያህል ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከዚያ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ራሴን ጠላሁ።

ሐሙስ፣ የካ. 7

ከት/ቤት በኋላ በአውቶቡስ ማይ ተመናይ ሰፈር፣ ምሕረት ቤት ሄድኩ። እናቷ ሻሂ አቀረበችልኝ። ለምን እንደ መጣሁ አልጠየቀችም፤ ፈርታለች። አባትየውን ካቻምና ወታደሮች ወስደውታል፣ እስካሁን አልተመለሰም። አላውቅም ነበር። ዓመት ሙሉ ሳስተምራት!

ጥያቄውን ማን ነገረሽ አልኳት። ግራ ገባት። “ሚስማር ያለ እሳት ይዝጋል አይደል? ከድኝ ጋርም እንደዚያ ይሆን ብዬ ነው።”

በቃ። ይኸው ነው።

ፌርማታው ላይ ቆሜ ገባኝ። ልጅቷ የጠየቀችው ስለ ብረት ነው። ፖለቲካውን የሰማሁት እኔ ነኝ። ሳቁን የጠራው የእኔ ዝምታ ነው።

ዓርብ፣ የካ. 8

ጻፍኩ። ጥያቄው ከትምህርቱ የመጣ ነው። መልሱ ትክክል ነው። ለሳቁ ምክንያቱ እኔ ነኝ። የተማሪዋን ስም አልሰጥም። ፈረምኩ።

ዳይሬክተሩ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሌላ ጽፈሽ ነይ፣ ይህን እንዳላየሁ ልቁጠረው አሉኝ።

“ኣይፋልን” አልኩ። አይሆንም ማለቴ ነው፤ ትግርኛው አመለጠኝ። ተርጉሚ አላሉኝም።

ሐሙስ፣ የካ. 14። 10 ሰዓት

ደብዳቤው ደረሰ። ዝውውር። ከሰኞ ጀምሮ፣ ጋሞ ጎፋ፣ አንድ አንደኛ ደረጃ ት/ቤት። አገሩን የማውቀው በካርታ ብቻ። የምሕረት ስም የትም የለም። ሦስት ጊዜ አነበብኩ፤ የለም። ደስ አለኝ፤ ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ተቆጣጣሪው እስከ ነገ ቀትር ይጠብቃል ብለዋል ዳይሬክተሩ። ስም ከሰጠሁ ደብዳቤው ይቀደዳል።

ተኽለ ከዓርብ ወዲህ አላናገረኝም ነበር። ዛሬ አነበበው። ስጪያቸው አለ፣ ለእኔ ስትዪ። ከዚያ አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። እኔም አለቀስኩ።

ግን አልሰጥም።

ሻንጣውን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩት። ማሰሪያው ተበጥሷል። ተኽለ ቆሞ አየኝ፣ አየኝ። ኋላ መሬት ላይ ተቀመጠና፣ መርፌና ጠንካራ ክር አምጪልኝ አለ።