የካፒታኖን ሙቅ ውሃ ማን አሰረው?

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 1931 ዓ.ም.
ጉለሌ፣ ከኬላው አጠገብ በቆመው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ

ለክቡር ካፒታኖ ብራንዞሊ፣ ለጉለሌ ኬላ አዛዥ፣ የእንጦጦን ዳገት ከነዛፉ፣ ከነቅጠሉና ከነጭራሮው ለሚጠብቁልን ጌታ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ጉንፋንዎስ እንዴት ሆነ? ከዐሥራ አንድ ቀን ወዲህ በየማለዳው የሚያስነጥሱት ከአትክልቱ ማዶ እኔ ጎጆ ድረስ ስለሚሰማ፣ እኔም በእያንዳንዱ «ይማርዎ» ስል ስለማረፍድ፣ የጎመኑ ኩትኳቶ ወደ ኋላ ቀርቷል። እግዚአብሔር ጤናዎን ይመልስልን፤ ጎመኑም ይጠቀም ነበር።

እኔ በዳሳ ኡርጌሳ እባላለሁ። ክቡርነትዎ በዚህ ስም አያውቁኝም፤ በግቢዎ ጎመንና ጽጌረዳ የምተክለው፣ «አንተ» ሲባል የምመጣው ሰው ነኝ። ልጅ ሳለሁ በእንጦጦ ማርያም ደጅ ዳዊት ስለ ደገምሁ ማንበብና መጻፍ እችላለሁ። ይህን እስከ ዛሬ ያልነገርኩዎ ጠይቀውኝ ስለማያውቁ እንጂ ልደብቅዎ ፈልጌ አይደለም።

ማክሰኞ ዕለት በዚሁ ሰሌዳ ላይ ባስለጠፉት ማስታወቂያ፣ በመኖሪያ ቤትዎ ያለው ዶቻ፣ ማለትም ከራስ በላይ እንደ ዝናብ የሚያወርደው መታጠቢያ፣ ሙቅ ውሃ መስጠት ማቆሙንና ይህም የአሻጥረኞች ሥራ መሆኑን ገልጸው፣ ምክንያቱን የሚያውቅ ሁሉ በጽሑፍ እንዲያስታውቅ አዝዘዋል። እሑድ ለልደት በዓላችሁ በእንግድነት የሚመጡት ኮሎኔል ሳይደርሱ አጥፊው ካልተገኘም የግቢው ሠራተኛ በሙሉ ይቀጣል ብለዋል። እኔ አውቃለሁ። የአጥፊውን ስም፣ ማዕረጉንና ፊርማውን ሳይቀር አውቃለሁ። ነገር ግን ጸሐፊዎ ከሰኞ በቀር ማመልከቻ አልቀበልም ስላለኝ፣ ሾዴን የሚወስደው ካሚዮን ደግሞ ሰኞን ሳይጠብቅ ቅዳሜ ጠዋት የሚነሣ ስለሆነ፣ የታዘዝሁትን ጽሑፍ ትእዛዙ በተለጠፈበት ቦታ መለጠፍ ግድ ሆኖብኛል።

ሾዴ ባለቤቴ ናት። እንጨት በመሸከም ወንጀል ተይዛ፣ ሩቅ አገር ባለ የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ እንጨት እንድትሸከም ተፈርዶባት፣ ዐሥራ አንድ ቀን በኬላዎ እስር ቤት ተቀምጣለች። የእርስዎ ሙቅ ውሃና የእኔ ሚስት በአንድ ቀን ጠዋት መጥፋታቸውን እስካሁን ያስተዋለ ባለሥልጣን ስላላገኘሁ፣ ምርመራውን በራሴ አካሂጄ ውጤቱን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ቧንቧው ንጹሕ ነው። ይህን የምለው መሐንዲስዎ ስለመሰከረለት ነው። እኚህ ትጉህ ሰው በመጀመሪያው ቀን የቧንቧውን መክፈቻ ለወጡት፤ ቀዝቃዛ ውሃ መጣ። በሁለተኛው ቀን ቧንቧውን ራሱን ለወጡት፤ ከፊተኛው የባሰ ቀዝቃዛ መጣ። በሦስተኛው በርሜሉን አንድ ክንድ ከፍ አደረጉት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ እንዲሉ፣ ሦስት ቀን ወቅጠው ሲደክማቸው አንድ የሙቀት መለኪያ ከኪሳቸው አውጥተው ጉለሌ ደጋ መሆኑንና የደጋ ውሃ በተፈጥሮው እንደሚቀዘቅዝ በወረቀት ጽፈው ፈረሙ። አባቶቻችን ይህን ነገር ያለ መሣሪያ ሲያውቁት ስለኖሩ፣ አሁን በፊርማ መጽናቱ ደስ ብሎናል።

ሁለተኛ፣ በርሜሉ ይሸሻል ተብሎ ይሁን ይሰረቃል ተብሎ፣ ጠመንጃ የያዘ ወታደር ሌት ተቀን ቆሞበታል። በርሜሉ እስካሁን አላመለጠም።

ሦስተኛ፣ እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ቢቀመጡ ይሻላል። ያ መታጠቢያ በራሱ ሞቆ አያውቅም። መጀመሪያ የሠሩት ሌላው መሐንዲስ፣ ወደ አሥመራ ከመዛወራቸው በፊት፣ ከቤቱ ጀርባ ከበርሜሉ ሥር የብረት በር ያለው ምድጃ ሠርተው ነበር። በመዝገብ ላይ ግን «በራሱ የሚሞቅ» ብለው ጻፉት፤ እንዲህ ሲጻፍ ለአለቆች ያምራል መሰለኝ። ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ከንጋት በፊት ዳገቱን ወጥታ፣ እንጨቱን ተሸክማ ወርዳ፣ ያንን ምድጃ ስታነድድ የኖረችው ሾዴ ናት። ክቡርነትዎ ወደ ቤትዎ ጀርባ ዞረው ስለማያውቁ አልተያያችሁም።

መለኪያዋም ከመሐንዲስዎ መለኪያ ይለያል። እጇን በቧንቧው ላይ ታደርግና አቡነ ዘበሰማያትን ትጀምራለች። «ሲሳየነ» ላይ ስትደርስ እጇ አልችል ብሎ ከተነሣ ውሃው ለክቡርነትዎ ገላ ልክ ነው። «ኅድግ ለነ አበሳነ» እስኪባል ድረስ እጇ ከቻለ ግን ገና ነውና እንጨት ትጨምራለች። እንግዶችዎን ሰብስበው ቧንቧውን በሁለት ጣት ከፍተው እንፋሎቱን ሲያሳዩ፣ የሮማን ጥበብ እያደነቁ ሲያጨበጭቡ፣ እሷ ከግድግዳው ማዶ ጢስ የገባባትን ዓይን እየጠረገች ትሰማችሁ ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም፣ እነዚህ ሰዎች ውሃ ባዩ ቁጥር የሚያጨበጭቡት አገራቸው ደረቅ ቢሆን ነው ብላ ከልቧ አዝናላችኋለች።

አራተኛው ነገር ከዚህ ደብዳቤ ጎን ተለጥፎ የሚገኘው ትእዛዝ ቁጥር ዐሥራ አራት ነው። በሸክም ውስጥ ጠመንጃ ይደበቃል በማለት፣ ያለ ይለፍ ወረቀት ከእንጦጦ እንጨትም ሆነ ጭራሮ ይዞ መውረድን ይከለክላል። ሾዴ ሕግ አክባሪ ስለሆነች በማግሥቱ ይለፍ ልታወጣ ከቢሮዎ ቀረበች። ጸሐፊዎ መዝገቡን ገለጠና፣ ይለፍ የሚሰጠው ለመንግሥት ሥራ እንጨት ለሚያቀርቡ ብቻ መሆኑን፣ የካፒታኖ መታጠቢያ ደግሞ በራሱ የሚሞቅ በመሆኑ እንጨት የማያሻው መሆኑን አስረዳት። እኔ ነኝ የማነድደው ብትለው፣ እንዲህ የሚል ቃል በመዝገቡ እንደሌለ በጣቱ እየጠቆመ አሳያት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ግን ወረቀቱን ማለቴ ነው፣ ጸሐፊዎን አላነሣሁም።

አምስተኛ፣ በጉለሌ የታኅሣሥ ብርድ ቀዝቃዛ ውሃ ገላዎን እንዳይነካው ስለ ራራች፣ ሾዴ ያለ ይለፍ ወጣች፣ ኬላው ላይም ተያዘች። ሸክሙ ለካፒታኖ መታጠቢያ ነው ብትል ዘቦቹ እስኪበቃቸው ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ሁለት ክስ ጻፉባት፤ አንደኛው ያለ ይለፍ እንጨት መያዝ፣ ሁለተኛው የካፒታኖ መታጠቢያ በጭራሮ ይሠራል ብሎ በመናገር የመንግሥትን ክብር መድፈር። ክቡርነትዎም ቁርስ ላይ ሳሉ ሁለቱንም ፈረሙ። ያን ዕለት ጠዋት ውሃው ቀዝቅዞብዎት ተቆጥተው እንደነበር ስለማስታውስ፣ ፊርማው ትንሽ ቢንቀጠቀጥ አይገርመኝም።

ስድስተኛ፣ አንተስ ለምን አላነደድህም ይሉኝ ይሆናል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሞክሬአለሁ። ሰኞ ጠዋት እንጨት ስለሌለ የጎመን አገዳና እርጥብ ሣር በምድጃው ጎስጉሼ ብለኩስ፣ ሙቀቱ ቀርቶ ጢሱ ብቻ በግድግዳው ስንጥቅ ወደ መታጠቢያው ገባ፣ ክቡርነትዎም ሳሙና እንደ ተቀቡ ወደ ግቢው ወጡ። በቦታው የነበሩ ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደነበር ይምላሉ፤ እኔ መሐላ ስለምፈራ አልማልሁም። መርዝ ጢስ ነው እያሉ መጣራትዎን ግን ሰምቻለሁ። ስለ መርዝ ጢስ ክቡርነትዎና ባልንጀሮችዎ ከእኛ አብልጣችሁ ስለምታውቁ በዚህ ጉዳይ አልከራከርም። መሐንዲስዎ በዚህ ጊዜ ብቻ ከቤቱ ጀርባ ዞሩ። አመዱን አዩ፣ የአገሬው ሰው ቤቱን ሊያቃጥል ሞክሯል አሉ፣ የምድጃውንም በር በሲሚንቶ ደፈኑት። ስለዚህ ዛሬ ሙቅ ውሃ እንዳይመጣ የሚከለክለው ነገር ከሞላ ጎደል ተሟልቷል ማለት ይቻላል፤ አነዳጇ ታስራለች፣ እንጨቱ ታግዷል፣ ምድጃው ተደፍኗል፣ በርሜሉም በደንብ ይጠበቃል።

ሰባተኛው ስለ ውሃ አይደለም። አፀደ የምትባል የዓመት ከመንፈቅ ልጅ አለችን። በእኛ ዘንድ ልጅ ጡት የምትጥለው እናቷ ጡቷን እሬት ቀብታ፣ እያባበለች፣ ቀስ በቀስ ነው። እርስዎ በአንድ ፊርማ አስጣሏት፤ ለፍጥነቱ አመሰግናለሁ። ይሁንና ልጅቷ እሬቱን ስላልቀመሰች ለምን እንደ ተከለከለች አልገባትም። ደጅ የእግር ኮቴ በተሰማ ቁጥር ብድግ ትላለች፣ እኔ መሆኔን ስታይ መልሳ ትቀመጣለች። ክቡር ሆይ፣ እኔ ብዙውን ነገር በቀልድ እችለዋለሁ፤ ይህን ግን አልቻልሁትም። ተቆጥቻለሁ። ፈርቻለሁም፤ ካሚዮኑ ቅዳሜ ከተነሣ ሾዴን ዳግመኛ የማላያት ይመስለኛል።

እንግዲህ አጥፊውን ላስታውቅ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዳይሆን በጥንቃቄ መርምሬአለሁ። እንጨቱን ያገደውን ትእዛዝ የፈረመ፣ ሾዴን ያሳሰረውን ወረቀት የፈረመ፣ ለሲሚንቶው ፈቃድ የፈረመ እጅ አንድ ነው። የፊርማው ጭራ ወደ ቀኝ ረዝሞ ይታጠፋል፤ እዚህ ሰሌዳ ላይ ስለሚገኝ ማንም መንገደኛ ሊያየው ይችላል። አጥፊው እንዲቀጣ በማስታወቂያዎ ቃል ገብተዋል። በየማለዳው ዶቻው ሥር የሚደርስበትን ሥቃይ በጆሮዬ ስለምሰማ፣ እኔ በበኩሌ ቅጣቱ በዚህ ይብቃው ባይ ነኝ።

መድኃኒቱም ውድ አይደለም። ሾዴ እስከ ነገ ዓርብ ማታ ትፈታ፣ የምድጃው በር ይከፈት፣ ይለፍ ይጻፍላት፣ በመዝገቡም ላይ «በራሱ» የሚለው ተሠርዞ «በሾዴ» ተብሎ ይታረም። ሌላ ሰው ያንድደው እንዳይሉ፣ ምድጃው አመለኛ መሆኑን ሰኞ ዕለት ከእኔ ጋር አይተነዋል፤ ኮሎኔሉ በበዓል ቀን ሳሙና እንደ ተቀቡ ግቢ ቢወጡ ደግሞ ሹመትዎን አይጠቅምም። እሑድ እንግዳዎ ቧንቧውን ሲከፍቱ የሚወርደው ምን እንደሚሆን የሚወሰነው እንግዲህ በነገው ዕለት ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያነቡልዎ አስተርጓሚዎ አቶ ሳቢት ለስላሳ ሰው ናቸው። ተርበናል ስንል ምግቡ ተስማምቶናል፣ ተበድለናል ስንል ለምደናል ብለው ሲተረጉሙልን ኖረዋልና ውለታቸውን አንረሳም። ዛሬ ግን እንዲህ ያለ ድካም አያስፈልጋቸውም። ደብዳቤው ከማለዳ ጀምሮ ተለጥፎ ስለ ዋለ፣ ከሸጎሌ በኩል ከብት የሚነዱት ሳይቀሩ ቆመው አስነብበውታል፤ ክቡርነትዎ የመጨረሻው ሰሚ ነዎት። አቶ ሳቢት አንድ ቃል ቢያመልጣቸው ከመንገድ ላይ ያገኙትን ማንኛውንም ሰው ቢጠሩ ያሟላልዎታል።

ጤናዎን አብዝቶ፣ ዕድሜዎን አርዝሞ፣ ውሃዎን አሙቆ ወደ አገርዎ በሰላም፣ ከተቻለም በቶሎ፣ እንዲያገባዎ ዘወትር የሚጸልይ፣ የሾዴ ባል፣ የአፀደ አባት፣ የክቡርነትዎ ጎመንና ጽጌረዳ ጠባቂ፣

በዳሳ ኡርጌሳ

ከፊርማ በኋላ የታሰበኝ፤ ትናንት ለሾዴ ስንቅ ላደርስ ሄጄ የእስር ቤቱን ግቢ አየሁት። በትእዛዝ ቁጥር ዐሥራ አራት ከየሴቱ ጀርባ የተወረሰው እንጨት እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ዘቦቹ በርሜል አግኝተዋል፣ ሾዴም ሦስት ጉልቻ ላይ ጥዳላቸዋለች። በየማለዳው ዘቦቹ በሙቅ ውሃ ይታጠባሉ፣ ከእነሱ ቀጥሎ እስረኞቹ በተራ ይታጠባሉ። ስለዚህ ሾዴን መፍታት ለክብርዎ የሚከብድ ከሆነ፣ ሌላም መንገድ አለ፤ ነገ ጠዋት ከእንጦጦ አንድ ሸክም እንጨት ተሸክመው በኬላው በኩል ይውረዱ። ፎጣዎን እኔ አደርስልዎታለሁ።